ቺንጋውም ይቃኛል

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለእናቴ የረከቦት ገበታ ልቀርጽላት ተነሣሁ። እንጨቱ ዋንዛ ነው። ሥዕሉን ሦስት ምሽት ደክሜበታለሁ፤ መሐሉ ላይ 120 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አለ፣ ዳሩን ተከትሎ ደግሞ እንደ መሶብ ስፌት የሚዞር ጌጥ። የሚቀርጽልኝ ከመመገቢያ ጠረጴዛ የማይበልጥ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሲኤንሲ ማሽን ነው፤ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቼ በራሴ እጅ የገጣጠምኩት። አስነሣሁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲፈጭ ቆየ። ሲጨርስ ብናኙን ጠርጌ ካሊፐር አስጠጋሁበት። ከግራ ወደ ቀኝ 120። ከላይ ወደ ታች 119.2። ክቤ እንቁላል ሆኗል።

0.8 ሚሊ ሜትር ኢምንት ነው ትሉ ይሆናል። ግን ጌጡ ክቡን ዞሮ ሲመለስ መነሻውን አላገኘውም፤ ጫፍና ጫፉ ጎን ለጎን ተላልፈው ቀሩ። እናቴ ደግሞ ስፌት ስትሰፋ ያደገች ሴት ናት። አንድ ዙር ቢዛነፍ ቡናውን ሳትቀዳ ታየዋለች።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ያ እንቁላል እንዴት ክብ እንደሆነ ነው። ነገሩ የዕቃ ጥገና ይመስላል፤ ነውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሥራዬን፣ እንቅልፌን፣ ከሰው ጋር የምኖርበትን አኳኋን የማስተካክልበት መንገድ ተቀይሯል። ስለዚህ ማሽን ነክታችሁ የማታውቁም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

የእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ሆድ ዕቃ ቀላል ነው። ስቴፐር የሚባለው ሞተር አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይራመዳል፤ መቆጣጠሪያው እያንዳንዱን እርምጃ ለ16 ሲከፋፍለው 3200 ይሆናል። በሞተሩ ዘንግ ላይ 20 ጥርስ ያላት ትንሽ ፑሌጃ አለች። ከጥርስ እስከ ጥርስ 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ዙር ጥርሳሙን ቺንጋ 40 ሚሊ ሜትር ይስበዋል። 3200 ለ40 ሲካፈል 80፤ ለአንድ ሚሊ ሜትር 80 እርምጃ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ «80 እርምጃ ሂድ» ይላል፣ ሞተሩ ይሄዳል፣ ቺንጋው ይስባል፣ መቁረጫው አንድ ሚሊ ሜትር ይጓዛል።

ጥርሳም ቺንጋ ራሱ ለቤታችን ሩቅ አይደለም። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሪቻርድ ኬዝ የሚባል አሜሪካዊ ጊልመር በሚባል ኩባንያ ሲሠራ ያበጀው፣ ለሲንገር የልብስ ስፌት መኪና ነበር፤ መርፌውና ከሥር ያለው ክር ጊዜያቸውን ሳያዛንፉ እንዲገናኙ። የስንት ሰፈር ልብስ ሰፊ የኖረበትን ስም አስቡት። ዛሬ ያው ሐሳብ በመኪና ሞተር ውስጥ አለ፣ በእኔ ማሽን ላይም አለ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በሉ። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ኮምፒውተሩ ትእዛዝ ይሰጣል እንጂ «ደረስክ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። መካከል ላይ ያለው ቺንጋ ከላላ፣ ሞተሩ ተራምዶ መቁረጫው ያልተራመደበት ጊዜ ይኖራል። ኮምፒውተሩ ግን ሁሉ ተፈጽሟል ብሎ በሰላም ይቀጥላል።

እኔም የመጀመሪያው ስሕተቴ ኮምፒውተሩን ማመኔ ነበር። ክቡ ስላነሰ 80 የነበረውን ቁጥር 80.54 አደረግሁት። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ 120 ለ119.2 አካፍዬ በ80 ያባዛሁት ነው። ቀጣዩ ክብ 120 ሆኖ ወጣ፤ ጨበጥኩት፣ ደስ አለኝ። ከዚያ 30 ሚሊ ሜትር የምትሆን ትንሽ ቅርጽ አስቀረጽሁ። 0.6 ጎደላት። ሁለት ምሽት ቁጥር ስቀያይር ከቆየሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ላላ ያለ ነገር የሚሰርቀው በመቶኛ አይደለም። መንገዱ ረጅም ሆነ አጭር፣ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ያንኑ ያህል ይሰርቃል። ማሽኑ ወደ አንድ ወገን እየሄደ ሳለ ቺንጋው ተስቦ ደህና ይመስላል። ወደ ኋላ ሲዞር ግን ልልነቱ እስኪሰበሰብ መቁረጫው ቆሞ ይጠብቃል። በክብ ላይ ይህ የሚታየው አራት ቦታ ነው፦ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ፤ መዞሪያዎቹ ላይ።

እስቲ ሳምንታችሁን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። ሥራ ላይ ሆናችሁ ስትሮጡ ጎበዝ ናችሁ። ቤት ገብታችሁ ስታርፉም ጎበዝ ናችሁ። የሚጠፋው የት ነው? ከእሑድ ወደ ሰኞ ስትዞሩ። ከቢሮ ወደ ልጆቻችሁ ስትዞሩ። ከመጽሐፉ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ተመልሶ ወደ መጽሐፉ። የእኔ ትልቁ ኪሳራ ሁልጊዜ መዞሪያው ላይ ነበር፤ እኔ ግን ዕቅዴ ላይ ያለውን ቁጥር እያሳደግሁ ነው የኖርኩት። በቀን አራት ሰዓት እጽፋለሁ ያልኩት ሲጎድል አምስት ብዬ አቀድኩ፤ አምስቱ ሲጎድል ስድስት። ቁጥሩ በጨመረ መጠን የላላውን ቦታ ከራሴ ሸሸግሁት። እባካችሁ እናንተ ይህን አታድርጉ። ዕቅዱን ወደ 80 መልሱትና ቺንጋውን ፈልጉ።

ቺንጋውን ያገኘችው የእኅቴ ልጅ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ክራር መማር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። እሑድ ከእናቷ ጋር መጥታ እኔ ማሽኑ ላይ አጎንብሼ ስቆዝም አገኘችኝ። የማሽኔን መቁረጫ የተሸከመውን ድልድይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወስዱት ሁለት ቺንጋዎች ናቸው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ልጅቷ ክራር በለመደ ጣቷ የግራውን ቺንጋ ነካ አድርጋ ለቀቀችው። ቡምምም አለ። የቀኙንም ነካችው። ጆሮዋን ዘንበል አደረገች።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው?»

«አዎ፣ መንትያ ናቸው።»

«ታዲያ አይስማሙም። የቀኙ ወርዷል። ቅኝቱ ተበላሽቷል።»

እኔ እነዚያን ቺንጋዎች በጣቴ ስንት ጊዜ ተጭኛቸዋለሁ! ሁለቱም በጣት ሲጫኗቸው ደህና ነበሩ። እሷ አልተጫነቻቸውም፤ አዳመጠቻቸው። የቀኙ ከግራው ሲላላ ድልድዩ በጭነት ጊዜ በቀኝ በኩል ወደ ኋላ ይቀራል፤ ክቤን እንቁላል ያደረገው እሱ ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለጋትም፣ ስለ ሞተርና ስለ እርምጃ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ክር ነክቶ ማዳመጥ ታውቃለች፤ በቃ። እናንተም እንዲህ ያለ ሌላ ቦታ የተማራችሁት፣ «ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል» ብላችሁ ከደጅ የተዋችሁት ችሎታ አላችሁ። አስገቡት! እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ የደረሰበትን በድምፁ የምታውቅ ሴት፣ የሞተሩን ሕመም ከሩቅ የሚሰማ ሾፌር፣ የልጇን ለቅሶ ከለቅሶ የምትለይ እናት፣ ሁሉም ጆሮ አላቸው።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩ ቢያልቅ ኖሮ ዋናውን ትምህርት ሳላገኘው እቀር ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኔም ቸኮልኩ። በዚህ ሥራ ለቆየ አንድ ወዳጄ ደውዬ ቺንጋውን በድምፅ ያጠብቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አዎ፣ የእኔ 110 ኸርዝ ነው» አለኝ። ኸርዝ ማለት ክሩ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ 110 የጊታር አምስተኛው ክር ሳይያዝ ሲነካ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ቁጥር አገኘሁ! ስልኬ ላይ መቃኛ አፕ ከፍቼ ሁለቱንም ቺንጋ እያጠበቅሁ፣ እየነካሁ፣ እያጠበቅሁ፣ እየነካሁ 110 አደረስኳቸው። ማሽኑን አስነሣሁት። ኩሽኔታው አቃሰተ። ሞተሩ ግማሽ መንገድ ላይ ተንቀጥቅጦ ቆመ። ፑሌጃውን የያዘው ቀጭን ብረት ወደ ውስጥ ጎብጧል። ሁለት ቀን ማሽኑ ያለ ሥራ ተቀመጠ፤ እኔም አብሬው።

ምን እንደሆነ የነገሩኝ ከሞቱ ብዙ ዘመን ያለፋቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ቪንቼንዞ ጋሊሌይ ይባላል፤ የታዋቂው የጋሊሌዮ አባት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ሉት የሚጫወት ሙዚቀኛ። በክር ላይ ክብደት እያንጠለጠለ ሲፈትን፣ ድምፁን በእጥፍ ከፍ ለማድረግ ሁለት እጥፍ ክብደት እንደማይበቃ አገኘ። አራት እጥፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ማረን ሜርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ነው፤ በ1636 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ትልቅ የሙዚቃ መጽሐፉ የክርን ድምፅ የሚወስኑትን ነገሮች በሥርዓት አስቀመጠ። ሦስት ናቸው፦ ርዝመቱ፣ ውጥረቱና ክብደቱ። ርዝመቱን ግማሽ ብታደርጉት ድምፁ በእጥፍ ይጨምራል። ውጥረቱን አራት እጥፍ ብታደርጉት በእጥፍ ይጨምራል። ክሩ አራት እጥፍ ቢከብድ ድምፁ በግማሽ ይወርዳል።

ስለ ሜርሴን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። በዘመኑ ድምፅን በሰከንድ የሚቆጥር መሣሪያ አልነበረም፤ ክር ሲርገበገብ ደግሞ ለዓይን ከመፍጠኑ የተነሣ ጭጋግ ነው የሚመስለው። ታዲያ ምን አደረገ? እጅግ ረጅም ክር ዘረጋ። ክሩ በረዘመ ቁጥር ይዘገያል፤ በጣም ሲረዝም ምልልሱን በዓይኑ እያየ ሊቆጥረው ቻለ። ከዚያ በሒሳብ ወደ አጭሩ ክር ተመለሰ። መቁጠር ያቃተውን ነገር አዘግይቶ ቆጠረው! «አልችለውም» ያላችሁት ሥራ ካለ፣ እስቲ ለዓይናችሁ እስኪመች ድረስ አርዝሙት፣ አዘግዩት። አንድ ገጽ በቀን ይሁን። አንድ የክራር ክር በሳምንት ይሁን። አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ መስመር ሒሳብ። ሲቆጠር ታዩታላችሁ።

ወደ ቺንጋዬ ልመለስ። ወዳጄን መልሼ ጠየቅሁት፦ «110 ስትል የሚርገበገበው የቺንጋው ክፍል ስንት ነው ርዝመቱ?» «150 ሚሊ ሜትር።» የእኔን ለካሁ፤ ከፑሌጃው እስከ ማሰሪያው 300። አያችሁ? ቺንጋችን አንድ ዓይነት ነው፤ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ አንዱ ሜትር 8 ግራም ገደማ ይመዝናል። በእሱ ርዝመት 110 ኸርዝ ለማግኘት የሚያስፈልገው ውጥረት 8.7 ኒውተን ያህል ነው፤ አንድ ኪሎ የማይሞላ ዕቃ ሲንጠለጠል ማለት ነው። በእኔ ርዝመት ግን ያንኑ 110 ለማግኘት ወደ 35 ኒውተን ሄጃለሁ። አራት እጥፍ! ፑሌጃው ደግሞ ቺንጋውን በሁለት ወገን ስለሚሸከም በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው የዚህ እጥፍ ነው። ከእሱ ጋር እኩል ለመወጠር እኔ የምፈልገው ድምፅ 55 ኸርዝ ነበር፤ ልክ ግማሹ።

ወዳጄ አልዋሸኝም። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የእሱ እውነት ነው። እኔ ድምፁን ወስጄ ርዝመቱን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ይህን ስረዳ ማሽኑን ትቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ምክንያቱም የሕይወቴን ግማሽ የኖርኩት እንዲህ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ ስፖርት ሠርቶ፣ ጸልዮ፣ አንብቦ ቢሮ የሚገባ ሰው ሳይ ያንን ድምፅ ከራሴ ለማውጣት ራሴን እወጥራለሁ። እሱ የሚኖረው ከቢሮው አጠገብ ነው፤ እኔ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ። እሱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይተኛል፤ እኔ የሚያስመሸኝ ልጅ አለኝ። የሥራ ባልደረባችሁ በአንድ ዓመት ማስተርስ ጨርሳለች፤ እናንተ እናታችሁን እያስታመማችሁ ነው የምትማሩት። ርዝመታችሁ ይለያያል! ረጅም ክር በተመሳሳይ ውጥረት ዝቅ ያለ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ዝቅ ያለው ድምፅ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ልክ የሆነ ውጥረት በረጅም ክር ላይ እንዲህ ነው የሚሰማው። ያንን ድምፅ በግድ ወደ ሌላው ስታወጡት የሚያቃስተው ኩሽኔታ ጤናችሁ ነው፣ የሚጎብጠው ብረት ትዳራችሁ ነው። ነገር ሲከር ይበጠሳል የሚሉን ለዚህ ነው። ክር፣ ክራር፣ ከረረ፤ በቋንቋችን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳያቸው ደስ ይለኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ርዝመታችሁን ለኩ። በቀን በእውነት የራሳችሁ የሆነ ጊዜ ስንት ነው? ስንት ሰው ተሸክማችኋል? ሰውነታችሁ ስንት ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋል? እነዚህን በወረቀት ጻፉ፤ በኀፍረት አትጻፉ፣ ሜትር እንደሚለካ ሰው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው የሌላ ሰው ቁጥር የሚጠቅማችሁ፤ ርዝመቱን ጠይቃችሁ ወደ ራሳችሁ ስትቀይሩት። ወዳጄ 110 ባይለኝ ኖሮ 55 የሚባለውን አላውቅም ነበር። አርአያ ያላችሁ ሰዎች ደስ ይበላችሁ፤ ብቻ መቀየሪያውን አትርሱ።

አሁን ማሽን ላላችሁ ሰዎች አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ሌሎቻችሁም ብትሰሙት አይከፋም። መጀመሪያ መቁረጫውን ከኤሌክትሪክ ንቀሉ፤ ጣት የሚገባበት ሥራ ነው። ድልድዩን በእጅ ስትገፉት በዝግታ ይሁን፣ ስቴፐር ሞተር በፍጥነት ሲዞር ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ መቆጣጠሪያው ይልካል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አቁሙትና ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ነጻ ሆኖ የሚርገበገበው ክፍል ርዝመቱ ዛሬም ነገም አንድ እንዲሆን። ማራገቢያውን፣ የብናኝ መሳቢያውን፣ ሬዲዮውን አጥፉ። ስልኩን ሳይነካ ወደ ቺንጋው መሐል አስጠጉት። በጣት ነካ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ አትጎትቱት፣ ብዙ ከጎተታችሁት ራሱ መጎተቱ ውጥረት ይጨምርና ድምፁን ያሳስተዋል። አምስት ጊዜ ነክታችሁ የተደጋገመውን ቁጥር ውሰዱ።

ስልክ ዝቅ ያለ ድምፅ መስማት ይቸግረዋል። አንዳንዴ 75 የሆነውን 150 ብሎ ያሳያችኋል፤ እጥፉን ሰምቶ ነው። ጥርጣሬ ከገባችሁ የሚርገበገበውን ክፍል አሳጥራችሁ ድምፁን ከፍ አድርጉት፣ በሒሳብም መልሱት። ግን በጣም አታሳጥሩት፤ ቺንጋ እንደ ክራር ክር ለስላሳ ስላልሆነ በጣም ሲያጥር ግትርነቱ ራሱ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ቺንጋው በሐዲዱ ላይ ተኝቶ የሚሄድበት ማሽን ከሆነ ደግሞ ሲነካ ይንጫጫል። በገና ላይ ያ ንዝንዝታ ሆን ተብሎ የሚገኝ ነው፤ ለዚህ ሲባል ከአሥሩ ክሮች ሥር እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ ቆዳዎች ይገባሉ። ቺንጋ ላይ ግን ንዝንዝታ የሚነግራችሁ ቺንጋው የሆነ ነገር እየነካ መሆኑን ነው። ሁለት እኩል እርሳስ ከሥሩ አስገቡና ከፍ አድርጉት፤ በሁለቱ እርሳሶች መካከል ያለውም የሚለካ ርዝመት ይሆንላችኋል።

ከዚያ ቺንጋውን የሚያጠብቀውን ቡሎን ሩብ ዙር። ንኩ። አዳምጡ። እንደገና ሩብ ዙር። ይህን ያህል የምጠነቀቀው በምክንያት ነው፤ ድምፁ በ10 በመቶ ሲጨምር ውጥረቱ በ21 በመቶ ጨምሯል። ለጆሮ ትንሽ የምትመስለው ለብረቱ ትልቅ ናት። ሕይወት ላይም «ትንሽ ብቻ ልጨምር» ያልኩት ነገር ሁልጊዜ ካሰብኩት እጥፍ ነው የሚያስከፍለኝ፤ ስለዚህ አሁን ማንኛውንም አዲስ ልማድ በሩብ ዙር እጨምራለሁ፣ ሁለት ሳምንት አዳምጣለሁ፣ ካላቃሰትኩ እቀጥላለሁ። እመኑኝ፣ ከድሮው በላይ ሩቅ ሄጃለሁ።

እኔ የማሽኑን መመሪያ አይቼ፣ የብረቱን ጥንካሬም ግምት ውስጥ አስገብቼ 75 ኸርዝ ላይ አረፍኩ፤ ወደ 16 ኒውተን ነው። ይህን ቁጥር ግን እንዳትቀዱት። የእኔ 300 ሚሊ ሜትር ነው።

መንትያ ቺንጋ ላላችሁ የሚበልጠው ነገር የሁለቱ መስማማት ነው። 75 እና 75 ከ80 እና 70 እጅግ ይሻላል፤ ሁለቱም 70 ቢሆኑ እንኳ ይሻላል። አንዱ ወገን ጠንክሮ ሌላው ሲላላ ድልድዩ ይጠማዘዛል፣ ጠንካራውም ብቻውን ጭነቱን ይበላል። ባልና ሚስት፣ ሁለት ሸሪኮች፣ አብረው ማኅበር የመሠረቱ ጓደኞች ይህን ያውቁታል። ጎበዙ የበለጠ ሲከር ነገሩ የሚስተካከል ይመስለዋል። የሚሻለው ቁጭ ብሎ መደማመጥ ነው፤ ማን ላልቷል፣ ማን ከርሯል፣ የት እንገናኝ። ከርረው የነበሩ ሰዎች ትንሽ ሲላሉ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ለውጥ ያስገርማል።

አዲስ ቺንጋ ደግሞ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ይረጋጋል፤ ጥርሶቹ ፑሌጃው ላይ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ማሰሪያውም ይቀመጣል፣ ድምፁ ትንሽ ይወርዳል። መጀመሪያ ጊዜ ሲወርድብኝ ደክሞኝ ነበር። የእኅቴ ልጅ ስነግራት ገርሟት አየችኝ። ክራሯን በነካች ቁጥር፣ ትላንት አሳምራ የቃኘችውን ዛሬ ቁጭ ብላ መልሳ ትቃኘዋለች። እንደ ሽንፈት አይታው አታውቅም። ከጨዋታው የመጀመሪያው ክፍል ነው ለእሷ። እኔም ጾም ሲያልቅ የተበላሸ የንባብ ልማድ፣ ከጉንፋን በኋላ የተቋረጠ የእግር ጉዞ ሲገጥመኝ «ወደቅሁ» ማለቱን ትቻለሁ። ወርዷል፣ እቃኘዋለሁ። በዓመት አሥር ጊዜ ቢወርድ አሥር ጊዜ።

ለፍተሻ መቁረጫውን አውርጄ በቦታው እስክሪብቶ አሰርኩ፤ እንጨት ከማበላሸት ወረቀት ይሻላል። 80.54ን ወደ 80 መለስኩት። ማሽኑ ወረቀቱ ላይ 120 ሚሊ ሜትር ክብ ሣለ። ከግራ ወደ ቀኝ 120። ከላይ ወደ ታች 119.9። መዞሪያዎቹ ላይ ጠፍጣፋ ነገር በዓይኔ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ፤ ብቻዬን ቤት ውስጥ፣ ከወረቀት ፊት ቆሜ።

ቅዳሜ ሲደርስ ሁለተኛውን ዋንዛ አሰርኩ። የእኅቴን ልጅም ጠርቻታለሁ፤ መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጎንበስ አለችና የግራውን ነካችው። ዝም ብላ እስኪያልቅ ሰማችው። የቀኙን ነካችው። እኔ ስልኬን ላወጣ ኪሴ ገባሁ፤ እሷ ግን እጇን አንሥታ አስቆመችኝና ሁለቱን ባንድ ላይ ነካቻቸው።

«አሁን ይጀምሩ፣ ጋሼ።»